ሁለት ዓይነት ክር

ነጭ ወረቀት ይዤ ከቅጠል ስር ዘረጋሁ፤
ቅጠሉን በጣቴ ሁለት ጊዜ መታሁ።
የወደቀው ነገር የበርበሬ ብናኝ፤
ቀስ እያለ ሄደ፣ አቧራው ታዘበኝ።
በባሌ መነጽር አጎንብሼ ቆጠርሁ፤
አርባ ሰባት ደርሼ፣ ከዚያ ተሳሳትሁ።

ማርጊላን በሰኔ ምድጃ ነው ደጁ፤
እኛ ጥላ ስንሻ፣ ቀይ ሸረሪቶች ፈጁ።
ኪያሬ ገረጣ፤ ፊቱ ነጥብ ሞላ፣
አረንጓዴ ደሙን በመርፌ ተበላ።
ደበርጃኔ ደግሞ፣ ቅርንጫፉ ታስሮ፣
ከቀጭን ድር በታች ቀረ ተቀብሮ።

የእህቴ ልጅ ቤህዞድ ከኮካንድ ሲመጣ፣
ትንሽዬ ጠርሙስ እንደ ሽቶ አወጣ።
«ከዚህ ጥቂት ጠብታ ለአሥር ሊትር ውሃ፤
ማታ ብትረጪው ጠዋት ነው በረሃ።
ጓንት ብቻ አጥልቂ፣ አፍሽን ሸፍኚ፤
ሳምንት ሳይሞላው ግን ኪያር አትመኚ።»
እኔም በልቤ አልሁ፣ ነገሩ ሲገርመኝ፦
በጓንት የሚበላ ምን ጓሮ ነው ያለኝ?

አጎቴ ኑርማት ግን ጠርሙሱን ገላምጦ፣
የሽንኩርት ልጣጭ ይዘፈዝፋል ተቀምጦ።
እሱ በድሮ ጊዜ አውሮፕላን አብራሪ፣
በጥጥ ማሳ ሰማይ ነጭ ጭጋግ ዘሪ፤
«ሃያ ዓመት ረጨሁ፤ ከላይ ሆኜ አየሁት።
የሱን አዳኝ ሁሉ ቀድሜ ገደልሁት፤
ሸረሪቱን ደግሞ፣ ብቻውን አነገሥሁት»
አለና ዝም አለ፣ ሳሙና እየፋቀ።
አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ለምን ብሎ ማንም አልጠየቀ።

ሳሙናውን ሞከርሁ። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣
ቅጠሉን ገልብጬ፣ ወገቤ እስኪቀጣ።
በሦስተኛው ቀን ግን አበዛሁት መሰል፣
ጠርዙ ተኮማትሮ ጠቆረ እንደ ከሰል።
ሳሙናስ ሐቀኛ ነው፤ የነካውን ይገድላል፤
ያልነካው ይወልዳል፣ እንቁላል ይፈለፈላል።
ወረቀቴን ዘርግቼ ቆጠርሁ፦ ሠላሳ ስድስት።
እነሱ በአሥራ አንድ ቀነሱ፤ እኔ በኪሎ ሁለት።

እንግዲያስ ይለይለት! ፓምፑ ጀርባዬ ላይ፣
ጓንቱ እጄ ላይ ሆኖ፣ ነፋስ አለ ብዬ ሳይ፣
ራኖ ከአጥሩ ማዶ፣ ማጭድ በእጇ ይዛ፣
ከእንጆሪዋ ዛፍ ትቆርጣለች፣ ሸክሟ እየበዛ።
«ትሎቼ ከአራተኛ እንቅልፋቸው ነቁ» አለች፤
«ነይ፣ ግቢና ስሚ» አለችኝ፤ ጎተተች።
ከነፓምፔ ገባሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣
ዝናብ ሰማሁ፤ ጣራው ግን ደረቅ ነው፤
ሺህ መንጋጋ ቅጠል ሲቆርጥ።

የሷ ትል ክር ይሠራል፤ ክሩ ልጅ ያስተምራል።
የኔም ክር ይሠራል፤ ክሩ ኪያር ይቀብራል።
ለሁለቱም ቅጠል፣ ለሁለቱም አንድ ነፋስ፤
ጠርሙሱ አያነብም የማን አጥር ላይ እንደሚደርስ።

ፓምፑን አወረድሁ። ጽድቅ አይደለም፤ ጠርሙሱን አልጣልሁም፤
መደርደሪያው ላይ ነው፤
ራኖ ሐሯን ስትሸጥ ምን እንደማደርግ አላውቅም።
ደበርጃኑን ግን ነቅዬ ለእሳት ሰጠሁት፤
ኪያሩን በቧንቧ ውሃ፣ ቅጠል በቅጠል አጠብሁት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወረቀቱን ዘረጋሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ሳልሳሳት ቆጠርሁ።
አንዱ ግን ይሮጣል፣ ሌሎቹ ሲያዘግሙ፣
ብርቱካናማ ነው፤ አልታወቀኝ ስሙ።
ኑርማትን ጠራሁት፤ መነጽሩን ተቀበለኝ፣
አይቶ አይቶ ዝም አለ። ወረቀቱን ነጠቀኝ።
እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
በእርጥብ ሣር ጫፍ ሯጩን ከቅጠል አሳረፈ፤
የቀሩትን ከወረቀቱ ባልዲው ላይ አራገፈ።